ነጭ በትርና ዘላቢያ

አንዲት ሴት የእየሩስን እጅ ሳብ አድርጋ ትኩስ ነገር አስጨበጠቻት።

"ሺሊ ያ ቢቲ!" አለች፣ ያዢ ልጄ ማለቷ ነው፤ "ከራማ!"

እየሩስ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ድርቅ ብላ ቀረች። የያዘችው በዘይት የተጠበሰ ዘላቢያ ነው። እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ከተማ፣ ሰው ከጭንቅ ሲወጣ ከራማ ብሎ ላለፈ ላገደመው ሁሉ ያበላል፤ ሀብታም ድሃ አይልም። ይህን ታውቃለች። ግን ነጭ በትር ይዛ ስትወጣ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው። ዓይኗ እየደከመ መሄዱን ከጓደኛዋ ከረሒማ በቀር የሚያውቅ ተማሪ አልነበረም፤ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ሲሄዱ ያየ ሁሉ የጓደኛ ፍቅር ይመስለው ነበር።

"ረሒማ፣ ላንቺም ሰጠችሽ?"

"እ... እኔ ቁርሴን በልቻለሁ፣ ወላሂ።"

"መብላትሽን መች ጠየቅሁሽ? ሰጠችሽ ወይስ አልሰጠችሽም?"

"አላየችኝም መሰል። ምን ሁነሽ ነው? ከራማ እኮ ነው!"

ምን እንደሆነች እሷም አላወቀችውም። ከራማ ከሆነ እንቢ ማለት ነውር ነው፤ ምጽዋት ከሆነ ደግሞ እናቷ ደብሪቱ ፋሽጋ ወርዳ በሰው እርሻ ሰሊጥ እያጨደች የምታስተምራት ለዚህ አይደለም። በትሩን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"እንመለስ።"

"ፈተናውስ? የዓይንሽን ነገር ለመምህሩ ካልነገርሽ ጥያቄውን የሚያነብልሽ ሰው አይመድቡልሽም። ዘንድሮም ከወደቅሽ ኻላስ፣ አበቃ፣ ያባርሩሻል!"

"ስነግረውስ? እሱም እንደዚች ሴትዮ እጄን ቢስበኝስ?"

ሴትዮዋ ከኋላቸው "ከራማ! ልጄ ከጦርነቱ በሰላም ተመለሰልኝ!" እያለች ትጣራለች። ሳቅ ይሰማል፤ የሚቀበሏት ተማሪዎች ይሁኑ ለማኞች እየሩስ መለየት አልቻለችም። ትናንት እናቷ በስልክ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" ብላታለች። እናቷ ታዲያ ይህን በር መች አየችው!

ግራ እንደገባት ዞር ብላ ወደ ድምፁ እጇን ዘረጋች።

"አንድ ጨምሪልኝ፣ ለጓደኛዬ" አለች በዓረብኛ።

ሴትዮዋ መርቃ ሰጠቻት። እየሩስ ዘላቢያውን ለረሒማ አስጨበጠቻት።

"ብዪ።"

ረሒማ ስታኝክ እየሩስ ሰማቻት።

ለራሷ የተሰጣት የመጀመሪያው ዘላቢያ ከራማ ይሁን ምጽዋት እየሩስ አሁንም አልገባትም። ቢሆንም በላችው። እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ በትሩን ዘረጋችና ከረሒማ ቀድማ በሩን አልፋ ወደ መምህሩ አመራች።