የፍራኦል ክላክስ

ሀዊ ጣሪያው ላይ ልብስ ስታሰጣ የሞተ ወንድሟን ክላክስ ሰማች።

ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ከተማው በሩን ዘግቶ፣ ጫቱን ይዞ የሚቀመጥበት ሰዓት። ኻምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አቧራውን ካርቲየ ከሚባሉት የድሃ ሰፈሮች በኩል እየነዳ ወደ ባሕሩ ይወርዳል። ድምፁ በነፋሱ መሃል መጣ፤ ረጅም፣ ሻካራ፣ የተሰነጠቀ። በእጇ የነበረው አንሶላ አምልጧት መንገዱ ላይ ወደቀ።

ፍራኦል የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጭኖ ወደብ ሲገባ እህቱ በባዕድ አገር በቤት ሠራተኛነት ተቀጥራ በምትኖርበት በሄሮን ሰፈር ዳር ያልፋል፤ ሲያልፍም ክላክሱን ሳይነፋላት አይቀርም። አንደኛው ጡሩምባ ስንጥቅ ስለነበረበት የእሱን ከሌላ መኪና ጋር አታምታታውም። ባለፈው ክረምት ከዲኪል ከተማ ወዲህ ባለው ቁልቁለት ፍሬን እምቢ ብሎት ገደል ገባ። አዳማ ወስደው ቀበሩት። ሀዊ ለቀብሩ አልደረሰችም።

በማግስቱም ሰማችው። ከዚያም በኋላ። ለማንም አልተናገረችም፤ አብዳለች እንዳይሏት ፈራች።

የምትሠራበት ቤት ባለቤት አብዱልፈታሕ በሊሴ፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ድሬዳዋ ስላደገ አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። አንድ ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኛት።

«ምን ሆነሻል?»

«ጋሼ፣ ወንድሜ ይጠራኛል።»

አልሳቀባትም። ጣሪያው ላይ አብሯት ወጥቶ ቆመ። ድምፁ ሲመጣ እሱም ቀና አለ። መስማቱን ስታይ እብደት እንዳልሆነ ገባት።

«በሕይወት እያለ ሲመጣም ሲሄድም ድምፁ አንድ ዓይነት ነበር?» አላት።

አሰበች። «አልነበረም። እየመጣ እያለ ቀጭን ነው። ደጃችንን አለፍ እንዳለ ይወፍራል።»

«ድምፅ አየሩ ላይ እንደ ማዕበል ነው የሚሄደው። መኪናው ወደ አንቺ ሲመጣ ማዕበሎቹን ከኋላ እየተከተለ ያጠጋጋቸዋል፤ ተጠጋግተው ጆሮሽ ሲደርሱ ድምፁ ይቀጥናል። ሲርቅ ደግሞ ይራራቃሉ፤ ድምፁ ይወፍራል። የዛሬውን ግን አዳምጪ።»

አዳመጠች። እንደጀመረ አለቀ። አልቀጠነም፤ አልወፈረም።

«ነፋሱ ይሆን?»

«ነፋስ ያመጣዋል እንጂ አያቀጥነውም። ይሄ የሚጮኸው ነገር አንድ ቦታ ቆሟል። ወደ አንቺ አይመጣም፤ ከአንቺም አይሄድም።»

ሊያጽናናት ብሎ ነበር። እሷን ግን በዚያ ሙቀት ብርድ ብርድ አላት። ፍራኦል የሆነ ቦታ ቆሞ፣ መምጣትም መሄድም አቅቶት ታያት።

አርብ፣ በዕረፍቷ ቀን፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት ሄደች። ባቡር የማይገባበትን አሮጌውን ጣቢያ አልፋ ካርቲየ 7 ቢስ የሚባለው ሰፈር ስትደርስ ክላክሱ ከፊት ለፊቷ ጮኸ። እግሯ ግን አልቆመም። አንድ ጎሚስታ ቤት በር ላይ ጎማ ተቆልሏል። ከውስጥ፣ ግድግዳው ላይ፣ ሁለት ጡሩምባ ተሰቅሎ ቱቦው ከኮምፕሬሰሩ ጋር ተያይዟል። ከሥሩ አንድ ከሲታ ሰው እጁን ቫልቩ ላይ አድርጎ ቆሟል።

ዞር ብሎ አያትና ፊቱ አመድ መሰለ።

«ሀዊ ነሽ» አለ። «መልካችሁ አንድ ነው።»

ጫላ ይባላል። እሱም ሾፌር ነበር፤ ፍራኦል በሞተበት ቀን ከፊቱ ይነዳ ነበር። መቀመጫ ሰጣትና እሱ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ጎማዬን ላቀዘቅዝ ኩርባው ላይ ቆሜ ነበር። ከላይ ክላክስ ሰማሁ፤ ቀጭን፣ እየቀረበ የሚመጣ። ፍሬን እንደሌለው ያኔ ገባኝ። መንገዱ ላይ ፍየል የሚነዱ ሴቶች ነበሩ። ሲሰሙት ሸሹ፤ አንዳቸውንም አልነካም። አጠገቤ ሽው ብሎ ሲያልፍ ድምፁ ወፈረ። ከዚያ ገደሉ ዋጠው።»

«ከዚያስ?»

ጫላ መሬቱን አየ። «ከገደሉ ሥር መጮሁን ቀጠለ። አንድ ዓይነት ድምፅ፤ ሳይቀየር። ወርጄ ስደርስ እጁ ክላክሱ ላይ ነበር። ‹ፍራኦል፣ ሰምቼሃለሁ፣ መጥቻለሁ› አልኩት። አየኝ። እጁን አነሳ። ራሱን ጭኔ ላይ አስደግፌ እንደያዝኩት አረፈ።»

ሀዊ በነጠላዋ አፏን ይዛ ብዙ አለቀሰች። ሲሻላት ጠየቀችው፤

«ለምንድነው ታዲያ የምትነፋው?»

«ከተሰባበረው መኪናው ላይ ነቅዬ ያመጣሁት ለመሸጥ አልነበረም። ካልነፋሁት ራሱ ይጮኽብኛል። ከገደሉ ሥር። እኔ ስነፋው ዝም ይላል።» እንደሚያፍር ሰው ሳቀ። «ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጥኩም።»

ሀዊ እንባዋን ጠረገች። ስልኳን አውጥታ አዳማ እናቷ ጋ ደወለች። እናቷ ወይዘሮ ቦንቱ ከቀብሩ ጀምሮ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ ልጄ ብቻውን ነበር ወይ? መልሱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

«እማዬ፣ ሰው አብሮት ነበር። ጭኑ ላይ ነው ያረፈው።»

«አብሮት የነበረው ልጅ የታለ?» አሉ ወይዘሮ ቦንቱ።

«አጠገቤ ነው።»

«አምጪልኝ። እጁን ልሳመው።»

ጫላ ወይዘሮ ቦንቱ ስልኩ ውስጥ ያሉትን ሰምቷል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ሀዊ ፈቃድ ባገኘችበት ወር በአንድ የጫላ ወዳጅ መኪና አብረው ወደ አዳማ ተነሡ። ጋቢናው ውስጥ ጫላ መሃል፣ ሀዊ በበሩ በኩል ተቀመጡ። ፍራኦል ወደ ገደል የገባበት ኩርባ ሲቃረቡ ጫላ ሁለት ጆሮዎቹን በመዳፉ ደፈነ። ሀዊ መስኮቱን ዝቅ አድርጋ አንገቷን አሰገገች። የሞተሩ ጩኸት ነበር፤ ነፋሱም ነበር። ሌላም የሆነ ነገር የሰማች መሰላት፤ እርግጠኛ ግን አልነበረችም። ጫላ እጁን ከጆሮው ያወረደው ዳገቱን ጨርሰው ሜዳው ላይ ከወጡ በኋላ ነው። ሀዊ መስኮቱን ዘጋችና «እማዬ እየጠበቀችህ ነው» አለችው።