አርባ ስልክ፣ አንድ አካውንት

ጥፍሮ የሚሉት የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር ስለሚያሳድግ ነው። በሷ የማይከፍተው ስልክ የለም። ሱቁ ከደረጃ ስር ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ትንፋሹን ውጦ ነው የሚቆመው። እጁ ወርቅ ነው፣ ይሄን ማንም አይክድም። አንድ አመል ግን አለው። ትልልቅ ሰዎች ስልክ ገዝተው ሲመጡ ኢሜይል የላቸውም፣ የይለፍ ቃል ሲባሉ ይደነግጣሉ፣ እሱ ደግሞ መጠበቅ አይወድም። እና የሱቁን አካውንት ያስገባላቸውና «ስልክዎ ቢጠፋ እንኳ ቁጥሩ አይጠፋም» ብሎ ይሸኛቸዋል። አርባ ስልክ እንዲህ አድርጎ ሸኝቷል። የገዛ እናቱ ስልክም ከአርባው አንዱ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዊግ ሰሪዋ እትዬ መጡ። የእትዬ ሥራ እንዲህ በቀላሉ የሚወራ አይደለም። መድኃኒት ፀጉራቸውን የጨረሰባቸው ሴቶች በጓሮ በር ይገባሉ፣ እትዬ ራሳቸውን ይለኩላቸዋል፣ ከዚያ ፀጉሩን በመርፌ አንድ ባንድ እየተከሉ ይሰራሉ። ሲያልቅ ሴትዮዋ አድርጋው ሥራ ትገባለች፣ ማንም ምንም አይልም። ለባሏ እንኳ ያልነገረች አለች። የእያንዳንዷ ቁጥር እትዬ ስልክ ውስጥ ነው፤ ከነስሟ፣ ከነራስ ልኳ፣ ከነሕክምናዋ ቀን። ያ ስልክ ደግሞ ስክሪኑ ከላይ ጀምሮ እየጠቆረ ዛሬ ነገ ሊዘጋ ነው። አዲስ ገዝተው ይዘው መጥተዋል፣ ቁጥሮቹን እንዲያዞርላቸው።

ጥፍሮ አዲሱን ስልክ አስነሳና እንደ ልማዱ የሱቁን አካውንት መጻፍ ጀመረ። እትዬ መዳፋቸውን ስክሪኑ ላይ ጣል አደረጉ።

«ይሄ የማነው?»

«የሱቁ ነው እትዬ፣ አያስቡ። ቁጥሩ ወጥቶ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጥልዎታል።»

«እኔ በጓሮ በር የማስገባቸው እንዲወጡ ነው እንዴ?»

ሳቀ። የስልክ ቁጥር ምን ሚስጥር አለው፣ ሰፈሩ ሁሉ እዚሁ አካውንት ላይ ነው አላቸው፣ ያውም በኩራት።

ይሄን ተናግሮ ሳይጨርስ አናጢው ጋሼ ገቡ። የመጋዝ ብናኝ ቅንድባቸው ላይ፣ ዓይናቸው ቀልቶ። ሦስት ቀን የመላጊያ ጠረጴዛቸው ስር ነው ያደሩት። ሚስታቸው ስልካቸውን ስትጎረጉር «የኔ ማር» የሚል ስም አገኘች፣ ደወለች፣ ድምጿም እንደ ስሟ የሆነች ልጅ አነሳች። ከዚያ በኋላ በሩ ተዘጋባቸው።

«ማር ሐኪም ከከለከለኝ አምስት ዓመቴ ነው ብላት አልሰማ አለችኝ» አሉ ጋሼ።

ጥፍሮ ስልኩን ተቀብሎ ቁጥሩን ሲያይ ጆሮው ጋለ። የገዛ እጮኛው ናት። «የኔ ማር» ብሎ የመዘገባት እሱ ነው፤ የሱም ስልክ ላይ ያለው ያው የሱቁ አካውንት ስለሆነ ስሟ ጋሼ ስልክ ውስጥም ገብቷል። ወደ ታች ሲያወርደው የሰፈሩ ሰው ሁሉ እንደ ሾርባ ተደባልቋል፤ የማን እንደሆነች የማትታወቅ «ክፉዋ አማት አታንሳ» እንኳ አለች።

እትዬ አልሳቁም። «ባንድ የኔ ማር ሰው መላጊያ ጠረጴዛ ስር ካደረ፣ የኔዎቹ ቢወጡ የት ሊያድሩ ነው?» አሉት።

ጥፍሮ ጋሼን ማታ እጮኛውን ይዞ መጥቶ ከሚስታቸው ሊያስታርቃቸው ቃል ገብቶ ሸኛቸው። ከዚያ በኋላ ያዘዙት እትዬ ናቸው። ኢንተርኔቱን አስዘጉት። ከአሮጌው ስልክ ቁጥሮቹን በአንድ ፋይል ሚሞሪ ላይ አስገለበጡ፣ ሚሞሪዋን አዲሱ ስልክ ላይ ከተቱ፣ የት ይቀመጥ ብሎ ሲጠይቅ «ስልኩ ላይ ብቻ» የሚለውን ራሳቸው ነኩ። ቁጥሩን ወደ አካውንት የሚልከውን፣ ሲንክ የሚለውንም ፈልገው ዘጉት። የባትሪ መብራቱ ፕሮግራም ቁጥሮችሽን ልይ ሲላቸው፣ ለማብራት የሰው ስም ምን ያደርግልሃል ብለው ከለከሉት። ጥፍሮማ አፉን ከፍቶ ቀረ። ስሞቹ መግባት ሲጀምሩ ደግሞ ዙር አሉት። ስልክ መክፈት ከጀመረ ጊዜ አንስቶ ፊቱን ያስዞረው ደንበኛ የለም፤ ዞረ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የስልክ ሽፋኖች እንደ ተቀጣ ተማሪ ሲቆጥር ቆየ።

ለጥንቃቄ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ ኮፒ ላስቀምጥልዎት ወይ አለ፣ አመል አይለቅም። እትዬ እምቢ አሉ። ቢሰበርብዎትስ ሲላቸው፣

«በወር አንዴ ሚሞሪ ላይ እገለብጥና ዊግ ከማስቀምጥባቸው ሰባት የስፖንጅ ራሶች ባንዱ ውስጥ እሸጉጣታለሁ። የትኛው እንደሆነ ከዚህ ራስ በቀር የሚያውቅ የለም» ብለው ግንባራቸውን ነካ አደረጉ።

አሮጌውን ስልክ እፊታቸው ባዶ አስደርገው፣ ሚሞሪዋን ቦርሳቸው ከትተው ሄዱ። ጥፍሮ ያን ቀን ሌላ ስልክ አልከፈተም። አርባውን ሰው አንድ ባንድ እየጠራ አካውንታቸውን ለመለያየት ሦስት ሳምንት ፈጀበት። የመጀመሪያው የእናቱ ስልክ ነበር።

ስምንት ወር አለፈ። አንድ ምሳ ሰዓት ታላቅ እህቱ ሱቁ ገባች፣ በሩን ገርበብ አደረገች፣ እጇን ወደ ራሷ ሰደደችና ፀጉሯን አወለቀችው። ከስሩ ጣት የማያክል፣ ለስላሳ፣ አዲስ ፀጉር በቅሏል። ታማ ነበር፣ ዳነች። ለእናታቸው ብትናገር እናትየው በድንጋጤ ከሷ በፊት እንደሚሄዱ ታውቃለች፣ ስለዚህ ለማንም ሳትናገር ተሸክማው ኖረች። ማን ያውቅ ነበር ብሎ ጠየቃት።

«እትዬ ብቻ።»

ጥፍሮ ግድግዳው ላይ ያሉትን ሽፋኖች አየ። ያኔ እነሱን ሲቆጥር የእህቱ ስም ከጀርባው እያለፈ ነበር። እትዬ ያቺን መዳፍ ጣል ባያደርጉ ኖሮ ያ ስም፣ ከነራስ ልኩ ከነሕክምናው ቀን፣ እናቱ ስልክ ላይ ብቅ ሊል ነበር።

እህቱን ሸኝቶ በቀጥታ እትዬ ጋ ሄደ። መስኮቱ ስር ተቀምጠው ፀጉር ይተክላሉ፤ ሰባቱ ራሶች መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል። 

«እህቴ ነገረችኝ» ብቻ አለ።

እትዬ ከመርፌያቸው ቀና አላሉም።

«የቷ እህትህ?» አሉት።

ጥፍሮ ያለችው አንድ እህት ናት፣ እትዬም ያውቃሉ። ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳቸውና በጓሮ በር ወጣ።