በሞቴ እርስዎ ይቅደሙ

ፊኛው ይተነፍሳል። ምስጥን ያስፈራትም ይኸው ነበር።

ጠረጴዛው ላይ ያለው አዲሱ የመተንፈሻ መሣሪያ፣ በበሽተኛ ሳንባ ፈንታ የተሰካበትን የጎማ ፊኛ ከትናንት ጠዋት ጀምሮ አንዴም ሳያቋርጥ ይነፋል፣ ያስተነፍሳል። ከዚያ በፊት ግን በቀን ሁለት ሦስቴ ለአራት ሰከንድ ቀጥ ይል ነበር። አራት ሰከንድ ለፊኛ ምንም አይደለም። ፊኛ እናት የለውም።

ምስጥ ያሏት ባልደረቦቿ ናቸው፤ የኦፐሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ ማንም የማያየውን ከርነል፣ ከውስጥ ስትቦረቡር ስለምትውል።

ሥራ አስኪያጁ የርክክብ ቅጽ ይዞ ገባ። «ዳነልሽ አይደል? በይ ፈርሚ፤ መኪናው ከሰዓት ይጭናል።»

«አልዳነም ጋሼ። ኮዱ የት እንደደረሰ ስክሪኑ ላይ የሚጽፍ አንድ መስመር ጨመርኩ እንጂ ምንም አላስተካከልኩም።»

«ከጨመርሽ ወዲህ ቆሞ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«እንግዲያው መስመሩ ይቆይ። መድኃኒት ለምን አዳንክ ተብሎ ይከሰሳል እንዴ?»

«መድኃኒት አይደለም። መጣሁ መጣሁ እያለ የሚዞር ዘበኛ ነው። ሌባው ሰምቶ ተደበቀ እንጂ አልተያዘም።»

«ያ ኮዱን እያስቆምሽ የምታዪበት ፕሮግራምስ?»

«እሱ ሁሉንም ባለበት ያቆማል። ሁሉ ከቆመ ማን ቀድሞ እንደቆመ በምን ይለያል?»

የቀራት ኮዱን ሳያስቆም የሚመዘግበው መከታተያ ፕሮግራም ነበር፤ መጋረጃ ጀርባ ተቀምጣ፣ ትንፍሽ ሳትል፣ ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን ከነሰዓቱ በሆዷ የምትይዝ ጎረቤት ዓይነት። ምስጥ የጨመረችውን መስመር አጥፍታ እሱን አስነሳች። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን እያየ ወንበር ሳበ።

ከአርባ ደቂቃ በኋላ ፊኛው በግማሹ ተነፍቶ ቀጥ አለ።

«አሁን ይነሳል፤» አለ ሥራ አስኪያጁ በሹክሹክታ፣ ሰው የተኛ ይመስል። ምስጥ የራሷም ትንፋሽ መቆሙን ያወቀችው ፊኛው ሲነሳ ነው።

መዝገቡን ከፈተች። ሁለት የኮድ ክፍሎች አንድ በር ላይ እኩል ይደርሳሉ። አንዱ ሌላውን ሲያይ ወደኋላ ይላል፤ ያኛውም እንዲሁ። «እርስዎ ይቅደሙ።» «ኧረ በሞቴ እርስዎ።» አራት ሰከንድ ሙሉ ይግደረደራሉ፣ የቆመን ኮድ የሚያስነሳው ተቆጣጣሪ ሰዓት መጥቶ እስኪገላግላቸው። ምስጥ የጨመረችው መስመር አንዱን ትንሽ ስለሚያዘገየው በሩ ላይ አይገናኙም ነበር፤ ፈውሱ ያ ብቻ ነው።

«በሞቴ የሚለው ደግሞ በሌላ ሰው ሞት ነው፤» አለች ምስጥ። አልሳቀችም።

«ማነው ይህን ጨዋ ኮድ የጻፈው?»

የጸሐፊው ስም ከኮዱ ራስ ላይ ነበር። አየችው። የራሷ ስም ነው።

ሥራ አስኪያጁም አየው። ተነስቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያየነው እኔና አንቺ ነን። መስመሩን መልሺው። ለራስሽ ብዬ ነው፣ እህቴ፤ ይህ ከተሰማ ነገ ማን ያስጠጋሻል?»

ብዕሩን ቅጹ ላይ አስቀመጠላት። «የታወቀ ጉድለት» ከሚለው ፊት ለፊት «የለም» ተብሎ አስቀድሞ ታትሟል።

ምስጥ «የለም» የሚለውን ሰረዘች። «አለ፤ የጻፍኩት እኔ ነኝ» ብላ ጻፈችና ፈረመች።