«ደርሰናል»

"እንዳታቆሚ እህቴ! ከእኔ ጋር ቁጠሪ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት!"

የአደጋ ጥሪ ተቀባይዋ ወንበሯን ገፍታ ቆማለች። በስልኩ ማዶ ያለችው ልጅ የአባቷን ደረት እየተጫነች ትቆጥራለች። አባትየው ቁርስ ላይ እንዳሉ ተዝለፍልፈው ወድቀው ትንፋሻቸው ቆሟል፤ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው የለም።

"እጄ ዛለ!"

"ይዛላል፤ አንቺ ብቻ እንዳትለቂ! አምቡላንሱ መንገድ ላይ ነው።"

ጥሪ ተቀባይዋ ሰዓቷን አየች፤ ከተደወለ ስድስት ደቂቃ። መመሪያው በስምንት ደቂቃ ድረሱ፣ በአንድ አምቡላንስም ሦስት ሰው ይኑር ይላል። ዛሬ የወጡት ግን ሹፌሩና ነርሷ ብቻ ናቸው። ሦስተኛው ሰው ከተዛወረ ሰባት ወሩ ነው፤ በእሱ ምትክ እስካሁን የመጣ ነገር ቢኖር ደብዳቤ ነው።

ስምንት ሊሞላ ሲል ሬዲዮው ጮኸ። ባልደረቦቹ ነፋሱ የሚሉት ሹፌር ነው።

"ደርሰናል!"

"ተመስገን!" ልቧ በደስታ ዘለለ። ስምንት ብላ መዝገቡ ላይ ሞነጫጨረችና ወደ ስልኩ ዞረች። "እህቴ፣ ደረሱልሽ! ሮጠሽ በር ክፈቺላቸው!"

ደረጃ የሚወርድ እግር ተሰማ፤ ከዚያ የብረት በር ሲንቋቋ፤ ከዚያ ጩኸት።

"የታሉ? ኧረ ማንም የለም!"

ጥሪ ተቀባይዋ ክው አለች። ነፋሱ "ደርሰናል" የሚለው አደባባዩ ጋ ሲደርስ ነው። ሹፌሮቹ ሁሉ እንደዚያ ናቸው፤ ሰዓቱ እዚያ ይቆማል፣ መዝገቡም ያምራል። እሷም ስንት ዓመት እየሳቀች መዝግባለታለች። ከአደባባዩ እስከ ቤቱ ደግሞ ገና ሦስት ደቂቃ አለ።

"በሩን ክፍት ተዪውና ተመለሺ! ሩጪ! ደረታቸው ላይ!"

እንደገና መቁጠር ጀመሩ። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ ትቆጥራለች። ጥሪ ተቀባይዋም አብራት መቁጠሯን አላቆመችም። በመጨረሻ ሳይረኑ በስልኩ ውስጥ ተሰማ፣ ቀጥሎ የነርሷ ድምፅ። "ዞር በይልኝ እናቴ፣ እኔ ልያዝ!"

ጥሪ ተቀባይዋ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጨምድዳ ጠበቀች።

"አገኘሁት! ልባቸው እየመታ ነው! ነፍሳቸው ተመለሰች!"

"እሰይ! እሰይ የኔ ጀግኖች!" ብላ ስትዘል ማዳመጫው ከጆሮዋ ወለቀ። የሚያግዝ ሦስተኛ ሰው ስላልነበረ ቃሬዛውን በአንድ በኩል ልጅቷ ይዛ ወረደች።

ጩኸቱን የሰሙት አለቃ ከጎረቤት ቢሮ ሮጠው መጡ። "ተረፉ? እልል አትይም ታዲያ!" መዝገቡን አዩ። "በስምንት ደቂቃ! ነገ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች ይመጣሉ፣ ይህንኑ እናሳያቸዋለን።"

"በሩ ላይ የደረሱት በአሥራ አንድ ነው፣ ጋሼ።"

"በሬዲዮ ያለው ስምንት አይደል እንዴ?"

"በዚያ ስምንት ነው ልጅቷን ከአባቷ ደረት ላይ ያስነሳኋት። ለጥቂት ገድያቸው ነበር!"

አለቃ አገጫቸውን አሹ። "አሥራ አንድ ካልሽ ጥያቄ ይመጣብናል።"

"ይምጣ! ሁልጊዜ ስምንት እያልን ሦስተኛ ሰው ማን ይሰጠናል?"

ስምንቱን ሰረዘችና አሥራ አንድ ጻፈች። ከጎኑም በልማድ ሦስት ብላው የነበረውን የሠራተኛ ቁጥር ሁለት አደረገችው። አለቃ አልከለከሏትም።

ሬዲዮው ጮኸ።

"ሆስፒታል ደርሰናል!"

እስክሪብቶዋን አነሳች፤ ግን አልጻፈችም። የሬዲዮውን ቁልፍ ተጫነች።

"ነፋሱ፣ የት ነህ?"

"...ከሆስፒታሉ በፊት ያለው የትራፊክ መብራት ጋ።"

"እንግዲያው እጠብቃለሁ" አለች።