ሰማንያዋ ያልሞላ

«ጣሳውን አስቀምጪው!» አባ ወልደ ሚካኤል ከድንኳኑ ደጅ ሆነው ጮኹ።

ታንጉት ውኃ የያዘውን ጣሳ አላስቀመጠችም። የቆቦ ወበቅ ሸራውን አግሎታል፤ እቅፏ ውስጥ ያለችው ሕፃን ጡት መሳብ ትታለች። ታንጉት ረሃቡን ሸሽታ ስትመጣ ትልቁን ልጇን ዋጃ ላይ ቀብራለች። እሱስ ክርስትና ተነሥቶ ነበር። ይቺ ሳትጠመቅ ከሞተች ግን ፍትሐት የላትም፤ ከመንገዱ ማዶ ካለው ጉድጓድ ያለ ስም ትጣላለች።

«ሴት ልጅ ሰማንያዋ ሳይሞላ አትጠመቅም። ያንቺም አራስነት ገና አልወጣም» አሉ አባ።

«ሞትስ ሰማንያዋን ይጠብቅልኛል አባቴ?»

ሥርዓት መልካም ነው፤ ጊዜ ላለው። ከአዲግራት የመጣችው ካቶሊካዊት ነርስ ሲስተር ለተብርሃን የልብ ምት ስትቆጥርበት የነበረውን የሕፃኗን እጅ ለቀቀች። «በእኛ ትምህርት፣ ሞት ከደረሰና ካህን ከታጣ ማንም ያጠምቃል፤ ሴትም ብትሆን። ውኃው፣ የሥላሴ ስም፣ የቤተ ክርስቲያንንም ሐሳብ ማሰብ ይበቃል። ጌታ ከውኃና ከመንፈስ ብሎ የለ?»

«ካህኑማ ይኸው ቆሜያለሁ!»

«ቆመዋል እንጂ መች አጠመቁ?» አለች ታንጉት።

«ካቶሊኮቹ ለሚያድሉት አንድ ጭልፋ ወተት ሃይማኖትሽን ልትሸጪ?»

ታንጉት ነደዳት። «ማን ሸጠ? የሚካኤል ደብር ልጅ ነኝ፤ እንዲሁ እሞታለሁ። አንቺም ሌላ እንዳይመስልሽ እህቴ!»

«አልመሰለኝም» አለች ሲስተር።

«ግን አባቴ» አለች ታንጉት፣ «የጃንደረባውን ነገር ያስተማሩን አንቱ ነዎት። እመንገድ ላይ ውኃ አይቶ ‹ምን ይከለክለኛል?› ሲል፣ ፊልጶስ ‹ቆይ፣ አርባህ ይሙላ› አለው?»

አባ ክፉ ሰው አይደሉም። አገሩ ሲፈታ ሥርዓቱ ብቻ የቀራቸው፣ እሳቸውም የራባቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ፊልጶስ... ፊልጶስ የተሾመ ነበር» አሉ ቀስ ብለው።

«አንቱም ተሹመዋል። ያጥምቁኛ!»

አባ ከደጁ ፈቀቅ አላሉም። ሲስተር «እኔ ላጥምቃት?» ብላ እጇን ዘረጋች። ታንጉት ጣሳውን ከለከለቻት። የሴት እጅ ከተፈቀደ የእናት እጅ የሚከለከልበት ምክንያት አልታያትም።

«ወለተ ሥላሴ፣ በአብ...» ውኃው በሕፃኗ ግንባር ላይ ወረደ። «በወልድ... በመንፈስ ቅዱስ ስም አጠምቅሻለሁ።»

ሕፃኗን በነጠላዋ ጠቀለለችና ወደ ቄሱ ዞረች።

«ስሟን ሰምተዋል። ፍትሐት ላይ በዚሁ ይጥሯት። ካልጠሯት፣ እኔው እፈታታለሁ።»