ከእናቱ በቀር

፩

መርዶ ሟች "የእትዬ አፀደ ልጅ ሚኪያስ አበራ" ቦታ "አዳራሽ" ሰዓት "ንጋት 11፡30" በቀር 112

ይህች መስመር አንድ ስህተት አለባት። አትፈልጉት፤ እኔው እነግራችኋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ደግሞ ዘሎ አይነገርም፣ ትንሽ ታገሱኝ።

፪

ጋሽ በላቸው የእድሩ ጸሐፊ ናቸው። ጡረታ ሳይወጡ ቴሌግራም መቺ ነበሩ፤ በዚያ ዘመን ጣታቸውን የሚያህል ፈጣን አልነበረም ይባላል። አምና ግን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ።

የእድሩ ፕሮግራም ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ፊደል ነው፤ ማውስ የለ፣ ሥዕል የለ። ሰው ሲሞት ጋሽ በላቸው አንድ መስመር ትእዛዝ ይጽፋሉ፣ ኢንተር ይነካሉ፣ ለአባላቱ ሁሉ በስልክ መልእክት ይሄዳል። «በቀር» ከሚለው ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር መልእክቱ የማይላክበት ቤት ነው። የሟች ቤት። መርዶ በስልክ አይነገርማ! ጎረቤት ንጋት ላይ ተሰብስቦ፣ የሚይዝ ይዞ፣ የሚደግፍ ደግፎ ነው የሚያረዳው።

ፕሮግራሙ ታዲያ ክፉ አመል ነበረው። አንዲት ፊደል ከሳቱ መመለሻ የለም። ወደ ኋላ ልሂድና ላርም ብለው ቀስቷን ሲነኳት፦

^[[D^[[D^[[D

ይህን ይተፋባቸዋል። ከሀ ብሎ መጀመር ነው።

፫

ጋሽ በላቸው፦ አየሽ ፍሬ? ስጽፈው አራተኛዬ ነው። ሊቀ መንበሩ ለወጣት አስረክብ ብሎኛል።

ፍሬሕይወት፦ እርስዎስ ምን አሉ?

ጋሽ በላቸው፦ ምን እላለሁ! ሚስቴን ቀብሬአለሁ፣ ልጅ የለኝ። ጧት ተነስቼ የምሄድበት ይቺ ክፍል ናት። ይቺንም ከነጠቁኝ ቁጭ ብዬ ተራዬን መጠበቅ ነው።

ፍሬሕይወት፦ ኧረ በስመአብ ይበሉ! እኔ አለሁ አይደል?

፬

ፍሬሕይወት የጎረቤታቸው ልጅ ናት፤ እንጀራዋ ፕሮግራም መጻፍ ነው። የእድሩን ፕሮግራም አልነካችውም። በላዩ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ደረበችለት፣ ለብርድ ጋቢ እንደሚደረበው። ከዚያ ወዲያ በመስመሩ ውስጥ ወዲህና ወዲያ እየሄዱ ማረም ተቻለ። በፊት የተጻፈውንም ያስታውሳል፤ በጠሩት ጊዜ ይመጣል።

ግድግዳው ላይ በትልልቁ ጽፋ ለጠፈችላቸው፦

ወደ ላይ ቀስት፤ ያለፈው መስመር ይመጣል።
ወደ ግራ ቀስት፤ ስሙ ጋ ይድረሱ።
የድሮውን ያጥፉ፣ አዲሱን ይጻፉ።
ኢንተር።

ጋሽ በላቸው መርቀው አልጠገቡም። «ክፉ አይንካሽ! እኔን ወጣት እንዳደረግሽኝ እግዜር አንቺን ለወግ ለማዕረግ ያብቃሽ!» አሏት። እሷም ሳቀች። እውነቱን ልናገርና፣ ደስታዋ ከእሳቸው ይበልጥ ነበር።

፭

መጀመሪያ የሞቱት እማማ ጠጂቱ ናቸው። ዘጠና ዓመታቸው። የልጃቸው ቤት የአባልነት ቁጥሩ 112።

ጋሽ በላቸው ያለ አንዳች እንከን ላኩት። ሊቀ መንበሩ «ጋሽ በላቸው፣ ማን ይደርስብዎታል!» አለ፤ የማስረከቡ ነገርም በዚያው ቀረ።

፮

ሚኪያስ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። በአፋር መንገድ መኪናው ተገለበጠ። ረዳቱ ከሰዓት በኋላ ጋሽ በላቸው ጋ ደወለ፤ እናቱ ጋማ እንዴት ብሎ ይደውል።

ጋሽ በላቸው ሚኪያስን በሕፃንነቱ ትከሻቸው ላይ አድርገው ጥምቀት ያሳዩት ሰው ናቸው። ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ተቀመጡ። ወደ ላይ ቀስት። የእማማ ጠጂቱ መስመር መጣ። ወደ ግራ፣ ወደ ግራ። ስሙን አጠፉ፣ የልጁን ስም ጻፉ።

ኢንተር።

የእትዬ አፀደ ልጅ ሚኪያስ አበራ አርፏል። ነገ ንጋት 11፡30 በእድሩ አዳራሽ እንገናኝ። እስከዚያው ቤተሰብ እንዳይሰማ አደራ።

ደረሰ።

ደረሰ።

ደረሰ።

የእማማ ጠጂቱ ልጅ ምንም አልደረሳትም። የእትዬ አፀደ ቁጥር 67 ነው።

ደረሰ።

፯

እትዬ አፀደ ምስር እየለቀመች ነበር። ብቻዋን።

፰

ፍሬሕይወት የእትዬ አፀደን ጩኸት ሰምታ ወደ እድሩ ክፍል ሮጠች። ጋሽ በላቸው እዚያው ወንበራቸው ላይ ናቸው፤ ስክሪኑን ያያሉ።

ፍሬሕይወት፦ ጋሼ፣ እኔ ነኝ። ቁጥሩን ይዩ ብዬ አልጻፍኩልዎትም። ስሙን ብቻ ነው ያልኩዎት።

ጋሽ በላቸው፦ ተይ ልጄ።

ፍሬሕይወት፦ የኔ ጥፋት ነው እኮ!

ጋሽ በላቸው፦ ድሮ አንድ በአንድ ስጽፈው፣ ቁጥሩ ጋ ስደርስ የቤቱ ሰው ፊት ይመጣብኝ ነበር። ይቺ ምን ይውጣት እላለሁ። ዛሬ አልመጣችብኝም። አፀደ አልመጣችብኝም።

ከዚያ አለቀሱ። ፍሬሕይወት አዋቂ ሰው እንዲያ ሲያለቅስ አይታ አታውቅም፤ ምን እንደምታደርግ ግራ ገባት፣ የኮምፒውተሩን ገመድ ነቀለችው። ምን ሊረባ!

፱

እትዬ አፀደ ለቀስተኛውን ሁሉ ተቀበለች፤ ለእድሩ ሰዎች ግን ቃል አልተነፈሰችም።

አርባው ካለፈ በኋላ ጋሽ በላቸው እንደ ወጉ ድንጋይ ትከሻቸው ላይ አድርገው ደጇ ቆሙ። ፍሬሕይወትም ከጎናቸው ሌላ ድንጋይ ተሸክማ አንገቷን ደፋች። ሁለት የሰፈር ሴቶችም አብረው መጡ።

«ይቅር በይን አፀድዬ፣ ስለ እመብርሃን!» አሉ ጋሽ በላቸው።

እትዬ አፀደ ወጣች። ከስታለች። የጋሽ በላቸውን እጅ አየች።

«ያውርዱት ጋሽ በላቸው። በዚህ እጅ ደግሞ ድንጋይ!» አለች። የፍሬሕይወትንም ራሷ ተቀበለቻት። «ይቅር ብያለሁ። ይቅር ይበለን። ግን አንድ ነገር ቀርቶብኛል።»

«ምን ቀረብሽ?»

«ሰው ሁሉ ሊያለቅስልኝ መጣ። የነገረኝ ግን የለም። አውቃለች ብሎ ሁሉም ዝም። እኔን ያረዳኝ ስልክ ነው፤ ያውም ቤተሰብ እንዳይሰማ አደራ እያለ።» ነጠላዋን አጠበቀች። «አሁንም እየጠበቅሁ ነው። ንገሩኝ። በወጉ ንገሩኝና ልመን።»

መደቡ ላይ ተቀመጠች። ሁለቱ ሴቶች ነገሩ ገብቷቸው በግራና በቀኝ ክንዷን ያዙ።

ጋሽ በላቸው «አፀድዬ...» ብለው ጀመሩና ተዉት። ዞረው ፍሬሕይወትን አዩ።

ፍሬሕይወት ተንበርክካ የእትዬ አፀደን እጅ ያዘች። በሕይወቷ ለሰው መርዶ ነግራ አታውቅም።

«እትዬ አፀደ» አለች።

«ወዬ ልጄ።»

ነገረቻት፤ መርዶ በጽሑፍ አይነገርምና ቃሉን ግን እኔ አልጽፈውም።

፲

«









»