የልጆች ድስት

"ማነው ድስቱን የነካው?"

አብሳይዋ ማማሰያዋን እንደያዘች ጮኸች። አስተናጋጇ ከአዳራሹ የመለሰችው ሳህን ላይ አንዴ ብቻ የተነከሰ የዶሮ ክንፍ አለ። አብሳይዋ ሶሱን በጣቷ ጠቅ አድርጋ ቀመሰችና ምላሷን ለበለባት። ለልጆች ብላ ከቲማቲምና ከማር የሠራችው ሶስ እንዲህ ሊያቃጥል አይችልም።

"ይህን የበላችው ልጅ እያለቀሰች ነው፣ እቴቴ" አለች አስተናጋጇ። "ከንፈሯ ቀልቷል። አባቷማ ቤቱን በአንድ እግሩ አቁሞታል።"

ምድጃው ላይ ሁልጊዜ ሁለት ድስት ይጣዳል። በትልቁ ድስት ያለው ሶስ ምግብ ቤቱ የታወቀበት ነው፤ ቀይ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ኮምጣጤ አለበት። ደፋር ነን ባይ ጎረምሶች ዋናው ምግብ እስኪመጣ ክንፉን በዚህ ሶስ እየነከሩ ንፍጣቸው እስኪወርድ ይፎካከሩበታል። ትንሹ የልጆችና የጨጓራ ሕመምተኞች ነው። አሁን ትንሹ ድስት ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተደፍቷል፤ ትልቁ እስከ አፉ ሞልቷል።

መጠየቅ አላስፈለጋትም። የቤቱ ባለቤት ታላቅ ወንድሟ ነው። "ለአንድ ክንፍ ሁለት ድስት ምን ያደርጋል? ጋዝ መፍጀት ነው" ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ሽንኩርት ልታመጣ ጓዳ ስትገባ ጠብቆ አንዱን በሌላው ላይ ገልብጦታል።

ሳህን በሚቀበሉበት መስኮት በኩል የወንድሟ ድምፅ ይሰማል። "ይቅርታ ጌታዬ፣ በጣም ይቅርታ! እህቴ ናት። ባል ስላጣች ንዴቷን የምትወጣው በቃሪያ ነው!"

አዳራሹ ሳቀ። ሰው እንዴት የገዛ እህቱን ለባዕድ መሳቂያ ያደርጋል? ቤቱ የታወቀበትን ያን ሶስ እሳት ዳር ቆማ፣ እየቀመሰች፣ እየደፋች፣ እንደገና እየጀመረች ያገኘችው እሷ ናት። እሱ ያኔ ሽንኩርት መላጥ እንኳ አያውቅም ነበር።

ወንድሟ አንገቱን በኩሽናው በር አስገባ። "ነይ ውጪና ሰውየውን ይቅርታ ጠይቂው። ነገሩ ቶሎ ይለፍ።"

"የቀላቀልከው አንተ ነህ፣ ጋሼ።"

"እና ባለቤቱ አጠፋ ይባል? የኔ ስም ከጠፋ ቤቱ ጠፋ ማለት ነው። አንቺን ማን ያውቅሻል?"

አብሳይዋ ከማቀዝቀዣው ወተት አውጥታ በብርጭቆ ቀዳችና ወደ አዳራሹ ወጣች። ወንድሟ ፈገግ እንዳለ ተከተላት።

ልጅቷ አባቷ ጭን ላይ ሆና ትንሰቀሰቃለች። አብሳይዋ ጎንበስ ብላ ብርጭቆውን ሰጠቻት።

"ጠጪ፣ የኔ እናት። ያበርድልሻል።"

ልጅቷ ጎንጨት አለችና ቀና ብላ አየቻት። "አንቺ ነሽ ያቃጠልሽኝ?"

"አይደለሁም" አለች አብሳይዋ፣ ሁሉም እንዲሰማት። "ያንቺን ሶስ ለብቻው ሠርቼልሽ ነበር። ከሚያቃጥለው ጋር የቀላቀለው ይሄ ወንድሜ ነው።"

ሹካዎች ቆሙ። አባትየው ወደ ወንድምየው ዞረ። "እውነት ነው?"

ወንድሟ ለመሳቅ ሞከረ። ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ "ግቢ ወደ ኩሽና! ቤት እንነጋገራለን" አላት።

"የሰደብከኝ እዚህ ነው። እውነቱን የምትነግራቸውም እዚሁ ነው።"

ከጎን ካለው ጠረጴዛ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወንድሟ አንዴ ሰውየውን፣ አንዴ እሷን እያየ ላቡን ይጠርጋል።

አስተናጋጇ በመስኮቱ ብቅ አለች። "እቴቴ፣ ድረሺ! ዘይት ላይ ያለው ክንፍ ሊያር ነው!"

"ባለቤቱ ያውጣው" አለች፣ ከወንበሯ ሳትነሳ።